ማንኛውም ጽሑፍ ይቆጠራል

ድንቹ ሊለቀም ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣
በሰሜን ሜይን፣ ጭጋግ ማሳውን ሲያለብሰው፣
ለሰባተኛ ክፍል፣ እንደ ካቻምናው፣ እንደ አምናው፣
የእንግሊዝኛ ቤት ሥራ ደንቤን
በቢጫ ወረቀት አባዝቼ አደልኋቸው፦

«በየማታው ንባብ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ።
ርእሱን ጻፉ። ገጹን ጻፉ።
ባለታሪኩ ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው?
በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ወላጅ ይፈርም። ዓርብ ይመለስ።
መጽሐፍ ከሌላችሁ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ይቆጠራል።»

ያቺን የመጨረሻዋን መስመር
የጨመርኳት ለማባበል ነበር፤
ለነዚያ ለኋላ ወንበር ልጆች፣
መጽሐፍ ሲያዩ ለሚያዛጉ፣ ለትራክተር ወዳጆች።
የስፖርት ገጽ፣ የካርቱን ቡጭቅ፣
ይህ ነበር በሐሳቤ፣ ከዚህ አላልፍም ስጠይቅ።
አምና አንዱ የቁርስ እህል ካርቶን
አምስት ቀን አንብቦልኛል፤
«ባለታሪኩ ነብሩ ነው፣ ወተት ይፈልጋል» ብሎኛል።

ዓርብ ማታ፣ ሾርባዬ እየቀዘቀዘ፣
ሃያ ስድስት ቢጫ ወረቀት ተራ እየያዘ፣
የልማዴን አረምኩ፦ እዚህ ነጥብ ጎደለ፣
እዚያ የጎረቤቱን ከነስሕተቱ የገለበጠ አለ።
ከዚያ የኦዲል ሲር ደረሰ፤
ጠርዙ በጣት የታሸ፣ አንድ ጥጉ የራሰ።

ሰኞ። የድንች ማውጫው ማሽን መመሪያ፣ ከገጽ አርባ አንድ እስከ አርባ አራት።
ባለታሪኩ ሰንሰለቱ ነው። መዞር ይፈልጋል። ድንጋይ ከለከለው።
ፊርማ፦ አባቴ። ጥቁሩ ግሪስ ነው፣ ይቅርታ።

ማክሰኞ። የዘር ከረጢት፣ ፊቱም ጀርባውም።
ባለታሪክ የለውም። «ለመብል አይሆንም» ይላል፣ በሦስት ቋንቋ።
ሦስቱንም አነበብኩ። ፈረንሳይኛውን አያቴ አረመኝ።
ፊርማ፦ አያቴ።

ረቡዕ። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ።
ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አያቴ መነጽሩን ስላላገኘው።
በሦስተኛው መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ እንደነበር አየሁ።
ባለታሪኩ ባንኩ ነው። የምሥራቁን ማሳ ይፈልጋል።
ምን እንደከለከለው ገና አልተጻፈም።
ፊርማ፦ አያቴ።

ሐሙስ። ያንኑ ደብዳቤ፣ ለብቻዬ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም።
ፊርማ የለም። ሁሉም ተኝተው ነበር።

ቀይ እስክሪብቶዬ ተንጠለጠለ ባየር፤
መመዘኛው ሠንጠረዥ አራት ሳጥን ነበር፦
ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃ፣ ፊደል፣ ፊርማ።
በየትኛው ሳጥን ይገባል ይህ በጆሮዬ የሚሰማ
የሽማግሌ ትንፋሽ፣ ኪሱን በመዳፉ የከደነ?
ማሳውን አውቀዋለሁ፣
ከቀዩ ጎተራ ወዲያ፣ ወደ ወንዙ ያዘነበለ የሆነ።
ሃያ ዓመት ሙሉ «ባለታሪኩ ምን ይፈልጋል?» ስል፣
«ደስታ» ነበር መልሱ፣ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል።

ለሐሙሱ ፊርማ፣ በደንቡ፣ ሁለት ነጥብ ቀነስኩ።
ቀነስኩና ሰረዝኩ። ሰረዝኩና መለስኩ።
ሾርባው ቆዳ አበጀ።
ወረቀቱን ውጤት ሳልጽፍበት ከሥር አስቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ደወሉ ሳይደወል፣ ከጠረጴዛዬ ዳር ቆመች።
«ሚስስ ጋኞን፣ ደብዳቤው ይቆጠራል?»
«ይቆጠራል።»
«አንድ ገጽ ብቻ ነው። ግን አያቴ መሃል ላይ
ቆይ፣ ቆይ እያለ ስለሚያስቆመኝ
በየጊዜው ሃያ ደቂቃ ይሞላል።»
«ይሞላል።»
«ሦስት ጊዜ ሃያ ስልሳ ነው። እንግዲያው አርባ ትርፍ አለኝ።»
በጣቷ ቆጠረች፤ ጥፍሯ ሥር አፈር ነበረ።
«ከትርፉ ላይ የሐሙስን ይቁረጡልኝ» አለች፣
«ዕዳ አይኑርብኝ።»

ቆረጥኩላት።
ሃያ ደቂቃ ተርፏት
ወደ ወንበሯ ሄደች።